በፋሲካ ሰሞን ወፍጮ ቤት፦ ሾላ አካባቢ ስላገኘሁት አገልግሎት

ስለ ምግብ ቤትና ስለ ሆቴል የሚጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ወፍጮ ቤት የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሰው ዓመት ሙሉ ቢመላለስበትም ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር ብሎ የሚያወራለት ስፍራ አይደለም፤ ጆሮው ጭው እያለ፣ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ፣ ከረጢቱን ተሸክሞ ይወጣል፤ ቤቱ ሲደርስም የሚጠየቀው «ልሟል ወይ?» ተብሎ ብቻ ነው። እኔ ግን በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን አዲስ አበባ ሾላ ገበያ አካባቢ በሚገኝ አንድ ወፍጮ ቤት ያየሁትን፣ የዱቄቱን ጥራትም ሆነ የሰዎቹን አያያዝ፣ ዘርዘር አድርጌ መጻፍ ፈለግሁ። አንድ አገልግሎት የሚመዘነው በበዓል ዋዜማ ነውና፤ በተራ ማክሰኞማ ሁሉም ትሁት ነው።

ወፍጮ ቤቱ ስም የለውም ማለት ይቻላል። በቆርቆሮው በር ላይ «እህልና በርበሬ እንፈጫለን» የሚል በቀይ ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ ከዚያ ሌላ ምልክት የለም። በፊተኛው ክፍል ሁለት ወፍጮዎች ለእህል፣ በጓዳው ደግሞ አንድ ወፍጮ ለበርበሬና ለቅመም ብቻ ተተክለዋል። ሦስቱም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩ የድንጋይ ወፍጮዎች ናቸው። አያቴ ብትኖር «ባቡር» ነበር የምትላቸው፤ በገጠር በብዙ ቦታ ዛሬም እህል ሊያስፈጭ የሚሄድ ሰው ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ ይላል። በመጅ ሌሊቱን ስትፈጭ ላደገች ሴት ያ ጆሮ የሚያደነቁር ጫጫታ እንደ ዕረፍት ደወል ይሰማት እንደነበር ደጋግማ ነግራናለች።

የምኖረው የካ አባዶ ነው። ከዚያ ተነሥቼ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሬ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍና አምስት ኪሎ በርበሬ ይዤ ሾላ ድረስ መምጣቴ ለጎረቤቶቼ ግራ ያጋባቸዋል፤ በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ሞልቷልና። (ወንድ ልጅ ከወፍጮ ቤት ምን አለው የሚሉም አሉ። በቤታችን በርበሬውን መቀንጠስና ማሰናዳት የባለቤቴ፣ ማስፈጨቱ የእኔ ድርሻ ነው፤ ሥራው እኩል ተካፍሏል ለማለት ግን ድፍረቱ የለኝም።) ወደ ሾላ የመለሰኝ በዚያው ዓመት የገና ዋዜማ በሌላ ወፍጮ ቤት የገጠመኝ ነገር ነው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

የፋሲካ ጥድፊያ ከሌሎች በዓላት ጥድፊያ የሚለይበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዓሉ ምንጊዜም እሑድ ይውላል፤ እንጀራው ለእሑድ እንዲደርስ ጤፉ ተፈጭቶ፣ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ማደር አለበት፤ ስለዚህ ከሐሙስ ያለፈ ዱቄት ለፋሲካ ገበታ አይደርስም። ዓርብ ስቅለት ነው፤ ምእመኑ ቀኑን በስግደት ስለሚያሳልፍ ይህ ወፍጮ ቤትም ተዘግቶ ይውላል። ቅዳሜ ቀዳም ሥዑር ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ቄጤማ በራሱ አስሮ የተመለሰ ሰው በዚያው ለዶሮው፣ ለሽንኩርቱና ለቅቤው ይሯሯጣል። የአምሳ አምስት ቀን ጾም የሚፈታበት ዱቄት ሁሉ እንግዲህ በረቡዕና በሐሙስ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በዚያ ዓመት ደግሞ የምሥራቁና የምዕራቡ የፋሲካ አቆጣጠር ገጥሞ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12፣ ስላከበሩ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የቀረ ሰው አልነበረም። ሁዳዴ የካቲት 17 ሲገባ ረመዳንም በቀናት ልዩነት ተከትሎት ነበር፤ ስለዚህ ባለወፍጮው ለማፍጠሪያ ሾርባ የሚሆነውን ገብስና አጃ ሲከካ ከርሞ፣ ዒድ አለፈልኝ ብሎ ሳያርፍ ነው ሰሞነ ሕማማት የደረሰበት።

ሐሙስ ሚያዝያ 9 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ስደርስ ከእኔ በፊት ሃያ ሁለት ከረጢት ተደርድሯል። ወረፋ የሚይዘው ከረጢቱ ነው፤ ባለቤቱ ቢቀመጥም ቢሄድም በከረጢቱ ላይ በጠመኔ የተጻፈው ቁጥር ይጠብቅለታል። ፈጪው ዕድሜያቸው ከአምሳ የዘለለ፣ ሽፋሽፍታቸው በዱቄት የነጣ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። የወፍጮው ባለቤትም እሳቸው ናቸው። ሁለት ወጣት ረዳቶች አሏቸው።

ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት አሮጊት በፌስታል ጥቂት ስንዴ ይዘው መጡና ምንም ሳይናገሩ ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጡ። ጋሼ አዩአቸው። ሞተሩን አላጠፉም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ሰልፉ ዞሩ። «እናቶች፣ ወንድሞች! እማማ የያዙት ሁለት ኪሎ ስንዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከፈቀዳችሁልኝ ላሳልፋቸው፤ ካልፈቀዳችሁ ተራቸውን ይጠብቃሉ።» ብዙዎች ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ቀጣዩ ባለተራ፣ ሃምሳ ኪሎ ስንዴ ያመጣ ጎልማሳ ግን ፊቱን አጠቆረና «ጋሼ፣ እኔም እኮ ሥራ ቦታ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ» አለ። ሰልፈኛው ሊያጉረመርምበት ሲጀምር ጋሼ አቋረጡ፤ «ልክ ነው፣ የእሱ ተራ ነው» አሉና ከረጢቱን ተቀብለው ወደ ወፍጮው አስገቡ። እማማም ከኋላ «ይጨርስ ልጄ፣ ይጨርስ» አሉ። የእሱ ሲያልቅ ጥያቄው ለሚቀጥለው ባለተራ ተደገመ፤ እሷ ፈቀደች፣ የእማማም ስንዴ ተፈጨ።

ወዲያውኑ የገናው ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ በሌላው ወፍጮ ቤት፣ በተመሳሳይ ግርግር ውስጥ፣ ፈጪው በየጥቂቱ ደቂቃ አንድ ሰው በጓሮ በር ያስገባ ነበር፤ አንዱን «እንግዳ ስለሆነ»፣ ሌላዋን «ነፍሰ ጡር ስለሆነች»፣ ሦስተኛውን ያለምንም ማብራሪያ። ሰው ሲቆጣ «ደግነት ያስቆጣችኋል እንዴ? በዓል አይደለም ወይ!» ብሎ መለሰ። አራት ሰዓት ያህል ቆሜ ሳልፈጭ ተመለስኩ። ነፍሰ ጡሯ መቅደሟ ተገቢ እንደነበረ አልክድም፤ ብንጠየቅ እንቢ የሚል ሰው ይኖር ነበር ብዬም አላስብም። ነገር ግን ያ ሰው በለጋስነት የሚያድለው ጊዜ የራሱ አልነበረም፤ በውጭ በፀሐይ የቆምነው የእኛ ነበር። የሾላው ባለወፍጮ ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቃሉ። ፈቃድ በመጠየቅ ያጠፉት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ በዚያች ደቂቃ ግን ቸርነቱ ከእሳቸው እጅ ወጥቶ የሰልፈኛው ሆነ፤ እንቢ ያለውም ሰው ሳይሰደብ እህሉን አስፈጭቶ ሄደ። የዚህ ወፍጮ ቤት ትልቁ ብልጫ ይኸው ይመስለኛል።

ወደ ዱቄቱ ልመለስ። ጤፌ ሳይፈጭም ከተፈጨም በኋላ በፊቴ ተመዘነ። መላሙን በሁለት ጣታቸው አሽተው አሳዩኝ፤ ሻካራነት አልነበረውም። የድንጋይ ወፍጮ ጥራት በአመዛኙ የሚወሰነው ድንጋዩ በተወቀረበት ጊዜ ነው። የደነዘዘ ድንጋይ እህሉን ከመፍጨት ይልቅ እያሻሸ ያሞቀዋል፤ ገና የተወቀረ ድንጋይ ደግሞ በመጀመሪያው ዱቄት ላይ ብናኝ ይጥላል፤ ያ ብናኝ በእንጀራ ላይ በጥርስ ሲገኝ የሚያስከትለውን የቤት ውስጥ ጠብ ያየ ያውቀዋል። በዚህ ወፍጮ ቤት ድንጋዮቹ የተወቀሩት በዚያው ሳምንት ሰኞ ሲሆን፣ ማንም ደንበኛ እህሉን ከማስገባቱ በፊት ለከብት መኖ የሚሆን እህል ፈጭተውባቸዋል። ሳልጠይቃቸው ነው የነገሩኝ። በተጨማሪም ሲያስረክቡኝ፣ ዱቄቱ ትኩስ ስለሆነ ከረጢቱን ሳላስር እንድሄድ፣ ቤት ስደርስም ዘርግቼ እስኪቀዘቅዝ እንድጠብቅ አስጠነቀቁኝ፤ ትኩስ ዱቄት ታፍኖ ካደረ ያልባል፣ ይሻግታል። ሌላው ሰው ከኋላዬ እየገፋ ባለበት ሰዓት ይህን ለማስረዳት መቆማቸው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እሑድ ዕለት የወጣው እንጀራ ዓይናማና ለስላሳ ነበር፤ አሸዋ የሚባል ነገር አላገኘንበትም።

በርበሬው ላይ ግን ሙግት ነበረን። አምስት ኪሎ አስገብቼ የወጣልኝ ዱቄት አራት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም መዘነ። በርበሬ ሲፈጭ በብናኝ የሚጠፋ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሦስት መቶ ግራም ግን በዛብኝ፤ ባለቤቴ ዛላውን ከመቀንጠስ አንሥቶ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር ደልዛ፣ አስጥታ፣ አምሳ የደከመችበት ነገር ነውና በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። ቅሬታዬን ስናገር ጋሼ አልተከራከሩም፤ ሞተሩን አጥፍተው የወፍጮውን ክዳን ከፈቱ፣ በብሩሽ ጠራርገው ከድንጋዩ ዳርና ከመውረጃው ላይ የቀረውን ሰበሰቡ፣ እንደገና ሲመዘን አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሆነ። «ይህን ለሁሉም ማድረግ ነበረብኝ፤ ሰልፉ አስቸኮለኝ» አሉ። ይቅርታው ደስ አሰኝቶኛል፤ ቢሆንም ከእኔ በፊት የሄዱት ባለበርበሬዎች የቀረባቸውን ማን ይመልስላቸዋል? በጥድፊያ ጊዜ ቀድሞ የሚቀረው እንዲህ ያለው የጠረጋ ሥራ ስለሆነ በርበሬ የምታስፈጩ ሰዎች ክዳኑ ተከፍቶ እንዲጠረግ ራሳችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። በእርግጠኝነት የምናገረው፣ ሲጠየቁ ፊታቸው አይቀየርም።

ከሰባት ሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ወፍጮ ቤት ድንገት ጸጥ ሲል የሚሰማው ስሜት ለየት ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ እየጮኸ ሲያወራ የቆየ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ጋሼ በሩ ላይ ወጥተው መብራቱ መቼ እንደሚመጣ እንደማያውቁ በግልጽ ተናገሩ። «አሁን ይመጣል» የምትለውን፣ ሰውን ግማሽ ቀን የምታስቆመውን ቃል አልተጠቀሙባትም። ቀጥለው በደብተር የሰዉን ቁጥርና ስልክ መዝግበው፣ ቅርብ ያለ ወደ ቤቱ እንዲሄድና ሲደወልለት እንዲመጣ አደረጉ። ከሩቅ የመጣነው ቀረን።

ጸሎተ ሐሙስ ስለነበረ ከቀሩት መካከል ብዙዎቹ ለሕጽበተ እግሩና ለቅዳሴው ቤተ ክርስቲያን መድረስ ይፈልጋሉ፤ ከረጢታቸውን ትተው መሄዱ ግን አሳስቧቸዋል። ከመካከላችን ለበሶ የሚሆን ገብስ ልታስፈጭ የመጣች ሻሽ የተከናነበች እናት ይህን አየችና «ሂዱ፣ እኔ እጠብቃለሁ፤ የእኔ ዒድ እንደሆነ አልፏል፣ የሚያስቸኩለኝ የለም» አለች። ሰባት ስምንት ሰዎች ሄዱ። በሰሞነ ሕማማት መሳሳምና መጨባበጥ ስለማይፈቀድ ምስጋናቸውን የገለጹት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ በማለት ብቻ ነበር፤ እሷም እንደዚያው አደረገች። ከዚያም አሥር ሰዓት ላይ መብራቱ እስኪመለስ ድረስ በጉልባን አሠራር ላይ ስትሟገት ዋለች፤ ባቄላው ይከካ ወይስ ሳይከካ ይቀቀል በሚለው ላይ ከአንዲት ሸምገል ካሉ እናት ጋር ሳይስማሙ ነው የተለያዩት። ይህ በወፍጮ ቤቱ የአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ የሚካተት ባይሆንም፣ ሰው ሰውን እንዲያምን የሚያደርግ አየር በዚያ ደጃፍ ላይ መኖሩ በአጋጣሚ ነው ብዬ አልቀበልም። ጠዋት ሰልፈኛው ተጠይቆ ባይፈቅድ ኖሮ ከሰዓት በኋላ ከረጢቱን ለማያውቀው ሰው ትቶ የሚሄድ አይኖርም ነበር።

ጉድለቶቹን ልናገር። መቀመጫ የለም ማለት ይቻላል፤ አንዲት አግዳሚ ወንበር ለሃያ ሰው አትበቃም፤ አረጋውያን ከረጢት ላይ ይቀመጣሉ። ጓዳውን ከፊተኛው ክፍል የሚለየው የሸራ መጋረጃ በመሆኑ በርበሬ ሲፈጭ ሰልፉ በሙሉ ያስነጥሳል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይሸፍናሉ፣ ነጠላ የሌለን ደግሞ ተራችንን ትተን እንወጣለን።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የረዳቶቹ ነገር ነው። ሁለቱ ወጣቶች ረቡዕ ሲፈጩ አምሽተው ሐሙስ ከንጋት ጀምሮ እንደገና ቆመዋል፤ አንደኛው በርበሬው ወፍጮ ላይ ያለ አፍ መሸፈኛ ሲሠራ ውሎ ዓይኑ ደም መስሏል። ለሰልፈኛው እንዲያ የሚጠነቀቅ ቤት ለሠራተኞቹ ጥቂት መሸፈኛ መግዛት አቅቶት ነው ለማለት ይከብደኛል። ስጠይቃቸው ጋሼ «ሰጥቻቸው ነበር፣ ይሞቀናል ብለው ያወልቁታል» አሉ፤ ልጁ ደግሞ ያለው አንድ መሸፈኛ ረቡዕ ዕለት መበጠሱን ነገረኝ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እኛም ደንበኞች «ቶሎ በል» ከማለት በቀር ለልጁ አንድ ብርጭቆ ውኃ ያቀበልነው ጥቂቶች ነን፤ እኔ ራሴ ከእነሱ መካከል አልነበርኩም።

ስለ ዋጋ የምለው አጭር ነው። የመፍጫው ሂሳብ በኪሎ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በበዓሉ ሳቢያ ጭማሪ አልተደረገበትም፤ ከሰፈሬ ወፍጮ ቤቶች ጋርም እኩል ነው። በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቀበላሉ። በዕለቱ ጤፍና በርበሬውን አስፈጭቼ ስጨርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ የመብራቱን ጊዜ ብንቀንስ እንኳ ረጅም ቀን ነው። ከቻላችሁ ከሰሞነ ሕማማቱ በፊት ባለው ሳምንት፣ በተለይ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ብዙም አትቆዩም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ለድፎ ዳቦ የተዘጋጀው ሦስት ኪሎ ስንዴ ወጥ ቤት ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ተገኘ፤ ረስቼው ነው። ባለቤቴ ኮባውን አስገዝታ አጥባ ጨርሳለች። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ከሩብ ሾላ ስደርስ የቆርቆሮው በር ግማሹ ተዘግቷል። ረዳቶቹ ታጥበው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ አንደኛው ቄጤማውን ከራሱ ሳይፈታ፣ ቦርሳቸውን አንግተው ቆመዋል፤ ለበዓል አገራቸው ሊገቡ መኪና የሚይዙበት ሰዓት ደርሷል። ጋሼ ደመወዛቸውን እየቆጠሩ ነበር። ሦስት ኪሎ ብቻ መሆኑን፣ ከየካ አባዶ መምጣቴን፣ ሐሙስ ዕለት እማማን እንዴት እንዳሳለፉ ሁሉ አነሣሁባቸው። ፈገግ አሉና «ወንድሜ፣ ያኔ ሰልፈኛውን ጠየቅኩ። አሁን ልጠይቅ የሚገባኝ እነዚህን ልጆች ነው፤ እነሱ ደግሞ ‹እሺ ጋሼ› ነው የሚሉኝ፣ እንቢ ማለት አይችሉም። ስለዚህ አልጠይቃቸውም» አሉኝ። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት እንደሚዘጉ ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ በጠመኔ ጽፈውት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ፊቴ ላይ ቆሞ አላነበብኩትም።

ስንዴዬን ይዤ ወደ መገናኛ ታክሲ ስሳፈር ተናድጄ ነበር። የዚያ ዓመት ድፎ ዳቦ ከሱቅ በተገዛ ዱቄት ተጋገረ።